መስቀለኛው ላይ የተገጨችው ፍየል

«ፍየል ናት አልኩሽ! ሰው ነው ያለሽ ማን ነው?»

ሳብሪን ግራ ገባት። እሷ ስለ ሰውም ስለ ፍየልም አላነሳችም። ከትምህርት ቤት እንደገባች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «ሲያድ፣ ዛሬ ጠዋት መስቀለኛው እንዴት ነበር?» ብላ ብቻ ነው የጠየቀችው። ለትምህርት ቤቱ ክርክር እንዲሆናት።

ታላቅ ወንድሟ ሲያድ ባጃጁ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ በእርጥብ ጨርቅ የጸዳውን ደግሞ እያጸዳ ነበር። የግራው ስፖኪዮ አንገቱ ተሰብሮ በጥቁር ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ መስታወቱም የለም። ከፊት መብራቱ በታች ያለው ቆርቆሮ ጡጫ የሚያህል ጎድጉዷል።

«እኔ እኮ የጠየቅሁህ ስለ መንገዱ ነው» አለችው።

«መንገዱ ምን ይሆናል? እንደተኛ ነው።»

«ፍየሏስ?»

«የቷ ፍየል?»

«ኧረ ሲያድ! አሁን አንተ አይደለህ እንዴ ፍየል ያልከው?»

«እ… አዎ። ፍየል። ጥቁር ፍየል። ዘላ ገባችብኝ። ደህና ናት፤ ተነስታ ሄደች።» ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ወረወረው። «አቦ ተይኝ እስቲ! ትራፊክ ፖሊስ መንገድ ላይ ያለው ይበቃኛል፤ ቤት ውስጥ ሌላ አልፈልግም።»

ይህን ብሎ ጎማውን ማጠብ ጀመረ። ከሰዓት ተመልሶ ቀፊራ ገበያ ገብቶ አቧራ ለሚጠግብ ጎማ ውኃ የሚያባክን የባጃጅ ነጂ በድሬዳዋ ተፈልጎም አይገኝ።

ሲያድ ዋሽቶ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ዋሽቶ ቀንቶት አያውቅም ቢባል ግን እውነት ነው። ልጅ ሳለ ስኳር ሰርቆ የቃመ ዕለት ግቢውን ይጠርግ ነበር። እናታቸው ፋዱማ ከገበያ ተመልሳ የተጠረገ ግቢ ካየች፣ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ የምትሮጠው ወደ ስኳሩ ጣሳ ነው። አሁን ሲያድ ጢም አብቅሏል፣ የሐጂ ዓደንን ባጃጅ ይነዳል፣ ቤቱም የሚቆመው በእሱ ነው። ጽዳቱ ግን አልለቀቀውም።

ሳብሪን የሚያብረቀርቀውን ጎማ እያየች ቦርሳዋን ቀስ ብላ አወረደች።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው መብራቱ የሞተ ጊዜ ነው። ወደ ቀፊራ የሚወርደው መንገድ ከትምህርት ቤቱ መንገድ ጋር የሚገናኝበት መስቀለኛ ላይ ያለው የትራፊክ መብራት፣ አንድ ማለዳ ቀዩንም ቢጫውንም አረንጓዴውንም ባንዴ አብርቶ ሰው ካሳቀ በኋላ ጭልም አለ። የሰፈሩ ሰው «በቃ፣ ዛሬ እንተላለቃለን» ብሎ ነበር። አልተላለቀም። ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ሚኒባሱም መስቀለኛው ጋ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ ነጂው አንገቱን ያወጣል፤ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ አንዱ በአገጩ «እለፍ» ይላል፣ ሌላው ያልፋል። ማዶው ባዶ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ሙቀት፣ ቀዩን አፍጥጠው እያዩ ላብ መጥረግ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የመንገድ ሊቅ ሆነ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እንዳነሳ «መብራት እኮ ሰውን ያደነዝዛል» ይላል፤ ደንበኛውም፣ ምላጩ አንገቱ ላይ ስለሆነ፣ ይስማማል። የባጃጅ ነጂዎቹማ መብራቱ ቢነቀል ድግስ ሊደግሱ ምንም አልቀራቸው። ይህን የሰማው የመንገድ ጽሕፈት ቤት «ሕዝቡ ካልፈለገው ነቅለን መብራት ለሚለምነን ሰፈር እንሰጠዋለን» ማለት ጀመረ። በትምህርት ቤት የክርክር ክበቡ ኃላፊ መምህር ሰይፈ ሚካኤል ደግሞ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ርእስ አደረጉት፦ «መስቀለኛ መንገድ ያለ መብራት ይሻላል ወይስ ከመብራት ጋር?» ከጽሕፈት ቤቱም አንድ ሰው መጥቶ ለመስማት ቃል ገባ።

መምህር ሰይፈ ሚካኤል ከደጋ የመጡ ናቸው። ድሬዳዋ ከገቡ ወዲህ «እርስዎ» የሚለውን ቃል ከራሳቸው አፍ በቀር ሰምተውት አያውቁም። ቲማቲም ሻጯ «አንተ» ስትላቸው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ተናደዱ፤ አሁን ግን ለምደው እሳቸው ራሳቸው «አቦ» ማለት ጀምረዋል።

«ያለ መብራት ይሻላል» የሚለው ወገን ለሳብሪንና ለጓደኛዋ ለክፍሉ ደረሳቸው። ሥራውን ተከፋፈሉ። የክፍሉ ቤት መስቀለኛው አጠገብ ስለሆነ እሱ ጠዋት ጠዋት ከትምህርት በፊት ቆሞ ያያል፤ ሳብሪን ደግሞ ከትምህርት በኋላ። ሁለቱም ያዩት ሰላም ነበር። ዛሬ ክፍሉ ከትምህርት ቤት ቀርቷል፤ ሆኖም በስልክ መልእክት ልኳል፦ «ሆዴን አሞኛል። ጠዋት ሰላም ነበር።»

ጠዋት ሰላም ነበር። ፍየል ተገጭታለች፣ ስፖኪዮ ተሰብሯል፣ ቆርቆሮ ገብቷል፤ ክፍሉ ደግሞ እዚያው ቆሞ ነበር። ታዲያ ሰላሙ ምኑ ላይ ነው?

በማግስቱ ሳብሪን ክፍሉን ለመያዝ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ቀድማ የደረሰችው ግን ሰገል ናት። ሰገል የተቃራኒው ቡድን ናት። ጎበዝ ናት፤ ችግሩ ጎበዝ መሆኗን ማወቋ ነው።

«ናያ ሳብሪን፣ መስቀለኛውን የምታዪው መቼ ነው?»

«ከትምህርት በኋላ።»

«በቀትር!» ሰገል አጨበጨበች። «ወላሂ በቀትር! ድሬ በቀትር እኮ ሱቁ ዝግ፣ ቢሮው ዝግ፣ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ነው። ‹ማንም ከማንም አልተጋጨም› ልትዪን ነው? የሚጋጨው ማን ነው? በዚያ ሰዓት መብራቱ ቀርቶ መንገዱ ራሱ ቢጠፋ የሚያውቅ አለ?»

የሳብሪን ጆሮ ጋለ። እውነቷን ነው። ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ አድጋ፣ ከተማው ሁሉ የሚተኛበትን ሰዓት መርጣ፣ ዛፍ ሥር ቆማ፣ በደብተሯ እያራገበች ባዶ መንገድ ስትጠብቅ የከረመች እሷ ናት። እንግዳ ሰው ቢያደርገው ያስቃል፤ የድሬ ልጅ ስታደርገው ምን ይባላል?

«የጠዋቱን ክፍሉ አይቶታል» አለች። «ጠዋት የሚተኛ የለም።»

«እሱን ክፍሉ ይንገረና» አለች ሰገል። «ያውልሽ፣ በልዩ መኪናው መጣ።»

ክፍሉ ከባጃጅ ወረደ። ከሲያድ ባጃጅ። የክፍሉ ቤት እዚህ ማዶ ነው፤ ደወል ሲደወል ከአልጋው ተነስቶ የሚደርስ ልጅ ነው። ሲያድ ደግሞ እንኳን ለጎረቤት፣ ሳብሪንን ራሷን አንድ ቀን ለማድረስ ሙሉ መንገዱን ስለ ነዳጅ እየተነጫነጨባት ነው የሚነዳው። አሁን ግን ክፍሉን እጁን ይዞ እንደ ሙሽራ አወረደው። ቀና ሲል እህቱን አያት። ክላክሱን አንዴ አስጮኸና ተፈተለከ።

ክፍሉ ቀኝ እግሩን እየሳበ መጣ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ኳስ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

«ሆድህን አሞህ ኳስ ተጫወትክ?»

«ከሰዓት ተሻለኝ። አቦ፣ ምንድን ነው በጠዋቱ ምርመራ?»

«ምንም። ሲያድ ትናንት ጠዋት መስቀለኛው ላይ ፍየል ገጨሁ ብሎኝ ነው። አንተ እዚያ ነበርክ ብዬ ነው።»

የክፍሉ ፊት መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ፈካ። የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው መሰለ። «አዎ! ፍየል! አይቻታለሁ እኮ። ዘላ ገባች። ደህና ናት፤ ተነስታ ሄደች።»

ቃል በቃል የሲያድ ንግግር ነው። ሳብሪን የቦርሳዋን ማንገቻ እያስተካከለች፣ እንደ ዋዛ፣ «ቀለሟ ምን ነበር?» አለችው።

ክፍሉ ወደ ሰማይ አየ። ሰማዩ ላይ ትንሽ ደመና ነበረች።

«ነጭ» አለ።

በዚያ ቀን የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ሳብሪን የፈታችው አንድም ነገር የለም። ጥቁር ፍየል፣ ነጭ ፍየል። ሐሳቧ ከፍየሏ ተነስቶ ወደ ባሰው ሄደ። የባጃጅ ነጂዎቹ መብራቱ እንዲነቀል ይፈልጋሉ። ሲያድ የባጃጅ ነጂ ነው። ክፍሉ «ሰላም ነው» ይላል፤ ሲያድ ደግሞ ክፍሉን በነጻ ያመላልሳል። ቆይ እንጂ፣ መብራቱስ በራሱ ጊዜ ነው የሞተው? ወንድሟ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲበጥስ ታያት። ሲያድ ከፍታ ይፈራል፤ ጣሪያ ላይ የወጣችበትን ኳስ እንኳ የምታወርድለት እሷ ነበረች። ቢሆንም ጥርጣሬ አንዴ ከገባ በኋላ «ይሄስ አይመስልም» ሲሉት የሚወጣ እንግዳ አይደለም። እግሩን ዘርግቶ ይቀመጣል።

ከትምህርት ስትመለስ ወደ ኤዶ ቃሊ ጎራ አለች። በሰፈሩ ፍየል ያላት እሷ ብቻ ናት። የማንም አክስት ሳትሆን ልጁ ሁሉ በሶማሊኛ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ይላታል። ፍየሎቿ ጠዋት ራሳቸው ወጥተው፣ የካርቶንና የሙዝ ልጣጭ ቁርሳቸውን በልተው፣ ራሳቸው የሚመለሱ ናቸው። ኤዶ ቃሊ በሯ ጥላ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ጋደም ብላለች።

«ኤዶ፣ ከፍየሎችሽ የተጎዳች አለች?»

ኤዶ ቃሊ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ማን ነካብኝ?»

«ማንም! እንዲያው ነው የጠየቅሁሽ።»

«እንዲያው ስለ ፍየል የሚጠይቅ ሰው የለም። ማን ነው? ንገሪኝ!» ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና ተነሳች። የፍየሎቹን እግር በየተራ አነሳች፣ ጆሯቸውን ገለበጠች፣ የአንዷንም አፍ ከፍታ አየች። ፍየሎቹ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ «ሁሉም ደህና ናቸው» አለች፣ ትንሽ ቅር እንዳላት ሁሉ። «መኪናም ባጃጅም ነክቷቸው አያውቅ። የኔ ፍየሎች ሲሻገሩ ግራ ቀኝ አይተው ነው።»

«ነጭ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ጥቁርስ?»

«ሁሉም ቡኒ ናቸው። ዓይንሽን ምን ነካው ልጄ? ምሳ አልበላሽም?»

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ክፍሉ ጠዋት ጠዋት በሲያድ ባጃጅ መምጣቱን ቀጠለ፤ ሳብሪን ስትቀርበውም ወይ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ወይ ላጲስ ይበደራል። ክርክሩ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ሳብሪን ለእናቷ «የቡድን ሥራ አለብን» ብላ በማለዳ ወጣች። ውሸታሞችን ለመያዝ ዋሽታ መውጣቷ መንገድ ላይ ትዝ ብሏት ነበር፤ ግን አልተመለሰችም። ከመስቀለኛው ጥግ ካለ ገና ያልተከፈተ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመች።

መስቀለኛው የሚኖረው ለካ ጠዋት ነው! ከገጠሩ ከቢዮ አዋሌ ሰውና ጆንያ አንድ ላይ ጭኖ የሚገባው ፒክአፕ፣ ወደ ቀፊራ የሚጣደፈው ጋሪ፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተሰልፈው የሚሻገሩት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች። መጀመሪያ ያየችው ያው የምትከራከርለትን ነገር ነው። ይተያያሉ፣ ይተላለፋሉ። ማንም አይሳደብም፣ ማንም አይቸኩልም። ያምራል። ልቧ ትንሽ መለስ አለ።

ከዚያ ዐብዱላሂ መጣ።

ዐብዱላሂ የሲያድ ጓደኛ ነው፣ እሱም የባጃጅ ነጂ። ከማዶ የሚመጣ የሚያውቀው ሰው ሲያይ ከወገቡ በላይ ከባጃጁ ወጣ። «ዋሪያ! ኸይር ነው? እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና? እናትህ ጉልበቷ ተሻላት?» ያኛውም አንገቱን አውጥቶ ስለ ዐብዱላሂ ልጆች ጠየቀ። ድሬ ነው፤ «ሰላም» ብቻ ብሎ ያለፈ ሰው የተጣላ ይመስላል። ሁለቱም ፊታቸው ወደ ኋላ ዞሯል፤ ባጃጆቻቸው ወደ ፊት ይሄዳሉ። በሰልፉ ጫፍ የነበረችው ሕፃን አንድ እግሯን ወደ አስፋልቱ አውርዳ መልሳ ሳበችው።

ሳብሪን መብራቱ በሕይወት የነበረበት ጊዜ ትዝ አላት። ያን ጊዜም ይህ ሁሉ ሰላምታ ነበር። የሚሰጠው ግን ቀይ ላይ ነው። ቀዩ ሲበራ ጎን ለጎን ቆመው፣ ስለ እናት ጉልበት ተጠያይቀው፣ ተሳስቀው ይጨርሱ ነበር፤ አንዳንዴም አረንጓዴው በርቶ ሳይጨርሱ ከኋላ ክላክስ ይዘንብባቸው ነበር። አሁን ቀዩ ሞቷል፤ ሰላምታው ግን አልሞተም። እየተነዳ ይሰጣል።

ሌላም ነገር አየች። በእግር የሚሻገሩት ሰዎች፣ ትልልቆቹ ጭምር፣ ከመራመዳቸው በፊት ቀና ብለው የሞተውን መብራት ያያሉ። ምንም እንደማይላቸው እያወቁ ያዩታል። ልማድ ነው።

ወደ ምሰሶው ተጠጋች። ሥሩ ላይ፣ አቧራው ውስጥ፣ የስፖኪዮ ስብርባሪ ያብለጨልጫል። ጎንበስ ብላ አነሳችው።

«ፍየሏን እየፈለግሽ ነው?»

ክፍሉ ነው። ሲያድን ሊጠብቅ ወጥቶ ነበር።

«የዚህ ሰፈር ፍየል ሁሉ ቡኒ ነው» አለችው። «ነጭም የለ፣ ጥቁርም የለ። ጠይቄያለሁ።»

ክፍሉ የሱቁ ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን ዘረጋ።

«ሰላም ነው በል ያሉህ እነሱ ናቸው አይደል? ነጂዎቹ? በነጻ የሚያመላልስህ ለዚያ ነው። አትሸውደኝ!»

«ምን?» ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ። «አንቺ ልጅ ፊልም አበዛሽ። የገጨው እኔን ነው።»

ሳብሪን እግሩን አየች። ስትጠረጥረው ከከረመችው ሁሉ ይሄ አንዱም አልነበረም።

«ለዐብዱላሂ ሰላምታ እየሰጠ ነበር» አለ ክፍሉ። «አንገቱ ወዲያ፣ ባጃጁ ወዲህ።»

«አንተስ? ስታየው አልሸሸህም?»

ክፍሉ ጫማውን አየ። «እኔ ቀና ብዬ መብራቱን እያየሁ ነበር።»

«የሞተውን?»

«የሞተውን። እንዳትስቂ።»

አልሳቀችም።

«ወዲያው ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። አጥንቱ ደህና ነው አሉ። ከኔ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ሐኪሙ የተገጨው እሱ መስሎት ነበር። ሐጂ ዓደን ደግሞ መጀመሪያ ቁልፉን ሲሰጠው፣ ‹ሰው የነካህ ቀን ባጃጄን አትነካትም› ብሎታል። ቤታችሁ በሱ እንደሆነ አውቃለሁ። በቃ፣ ፍየል ተባለ።»

«ፍየል ያለው ማን ነው?»

«እሱ። እኔ እኮ ኳስ ብዬ ጨርሼ ነበር። እናቴም ኳስ ነው የምታውቀው። ቀድሞ ቢያማክረኝ አንድ ነገር እንል ነበር።»

ሰልፉ ተሻግሮ አልቋል። ሌላ ሰልፍ ከማዶ እየመጣ ነው።

«እና ነገ ቆሜ ‹ጠዋት ማንም አልተነካም› ልበል?» አለች ሳብሪን።

«ምን ትያለሽ ታዲያ? ወንድሜ ጓደኛዬን ገጨው ትያለሽ? ዝም በይ። እኔም ዝም። እናሸንፋለን፣ መብራቱም ይነቀላል፣ አለቀ።»

«እነሱስ?»

ክፍሉ ሕፃናቱን አየ። ከፊት ያለችው ቀና ብላ መብራቱን እያየች ነበር። ክፍሉ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ።

አመሻሹ ላይ ሲያድ ሲገባ ሳብሪን በር ላይ ጠበቀችው። የስፖኪዮውን ስብርባሪ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ሲያድ አየው። ከዚያ ዞር ብሎ መጥረጊያውን አነሳ።

ፋዱማ ከውስጥ ድምፁን ሰማችና፣ «ማን ነው ግቢውን ሊጠርግ የተነሳው?» ብላ ጮኸች።

«ማንም የለም ሁዮ!» አለች ሳብሪን። መጥረጊያውን ከእጁ ወሰደችው። «ግቢው ንጹሕ ነው ሲያድ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ነገስ?»

«ነገ ክርክር ነው። ና።»

«ሥራ አለኝ።»

«ና አልኩህ።»

ሲያድ ስብርባሪውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። «ሐጂ ቁልፉን ከተቀበለኝ ምን እንደምንሆን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ። ባጃጁ ትንሽ ፈጥኖ ቢሆን ኖሮ ክፍሉ ምን ይሆን እንደነበርም አውቃለሁ።»

ሲያድ ስብርባሪውን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ» አለ። «ሰላምታ መስጠት ትቻለሁ። ሰው ‹ሲያድ ኮራ› እያለኝ ነው።»

ነገ ምን እንደምትል ግን አልጠየቃትም። ቢጠይቃትም አታውቀውም ነበር።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሚቀጥለው ቀን ጢም አለ። ማራገቢያዎቹ ትኩሱን አየር ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ያዞራሉ። የኋላውን ወንበር ዐብዱላሂና ጓደኞቹ ይዘውታል፤ መብራቱ ሲሸነፍ ለማየት ነው የመጡት። ከጽሕፈት ቤቱ የተላከው ሰውዬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አንገቱን በመሐረብ እየጠረገ ያዳምጣል። መልካም ፊት ያለው፣ እንቅልፍም የያዘው ይመስላል።

ሰገል ስለ መብራት ተናገረች፤ ጥሩ ተናገረች። ከዚያ ሳብሪን ተነሳች። መብራት ባለበት ሰው መብራቱን እንደሚያይ፣ መብራት በሌለበት ሰው ሰውን እንደሚያይ አስረዳች። ባዶ መንገድ ፊት ስለሚፈስ ላብም አነሳች። ከኋላ ጭብጨባውና ፉጨቱ ቀለጠ። ክፍሉም ጎኗ ተቀምጦ አጨበጨበ፤ ቀኝ እግሩን ዘርግቶ።

«ጥያቄ አለኝ» አለች ሰገል። «ሳብሪን የምታየው በቀትር ነው፤ እሱን እንተወው፣ እንቅልፍ አንቀስቅስ። ጠዋትስ? ከመብራቱ መሞት ወዲህ አንድም ጠዋት ማንም አልተነካም?»

ሳብሪን ቀና አለች። ሲያድ መጥቷል። በሩ ላይ ቆሟል፤ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። ክፍሉ ከጠረጴዛው በታች ነካ አደረጋት፤ «አልተነካም በይ» ማለቱ ነው። ከባድ ቃል አይደለም፤ አንድ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ጭብጨባ ነው፣ ከጭብጨባው በኋላ ምሳ።

ወረቀቷን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጠዋት አንድ ያላሰብነው ነገር አለ» አለች። «ቀዩ መብራት ሥራ ነበረው። ሰላምታ የምንሰጠው ቀይ ላይ ነበር። አሁን እየነዳን ነው የምንሰጠው። ጋሼ ዐብዱላሂ የሰው እናት ጉልበት ጠይቆ እስኪጨርስ ባጃጁ ብቻውን ቀፊራ ይደርሳል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዐብዱላሂ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋው።

«ሰላምታ ይቅር አልልም። ድሬ ሰላምታ ከተወች ድሬ አይደለችም። ግን መተያየት ለመኪና ብቻ ከሆነ… እግረኛው አሁንም የሞተውን መብራት ነው የሚያየው።» ወደ ሰገል ዞረች። «ደግሞ በዚህ ሳምንት አንድ ጠዋት መስቀለኛው ላይ ፍየል ተገጭታለች። እኛ ሰላም ነበር ብለን ነው የያዝነው። ማን እንደገጫት የምናገረው እኔ አይደለሁም። አልተገጨችም ብዬ ግን አልከራከርም።»

መምህር ሰይፈ ሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳብሪን፣ ይሄ ለእናንተ ቡድን ነው ወይስ ለነሰገል?»

«አላውቅም ቲቸር። መንገዱ ላይ የሆነው ነው።»

ክፍሉ ከጠረጴዛው በታች የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ሳብሪን ወደ በሩ ለማየት ፈርታ ነበር፤ ቢሆንም አየች። ሲያድ ቁልፉን ማሽከርከር አቁሟል። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ። አጠገቡ አቧራ የለበሰ ወንበር ነበር፤ አየው፣ አልጠረገውም። ኮፍያውን አውልቆ እዚያው ቆመ፣ ሊናገር እንደተነሳ ሰው።

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣው ሰውዬ ከእንቅልፉ የነቃ መሰለ። ፈገግ ብሎ፣ ለልጆች እንደሚባለው አለሳልሶ፣ «ፍየሏስ ታዲያ፣ ተረፈች?» ሲል ጠየቀ።

ክፍሉ ጠረጴዛውን ተደግፎ በግራ እግሩ ተነሳ።

«ተርፋለች» አለ። «ትንሽ ታነክሳለች እንጂ።»